የጁፒተር ጉርድ ፎቶ

መተማ ዮሐንስ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ካሜራ መያዝ ከመማሩ በፊት ፊት ማንጣት ይማራል። ቆላው ያጠቁራል፤ ደንበኛ ደግሞ የጠቆረ ፊቱን ለማየት ገንዘብ አይከፍልም። ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ ጎልማሳ ላቡን በፎጣው ጠርጎ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ገና ካሜራውን ሳላነሳ «ትንሽ ነጣ አድርገኝ» ይላል። «ትንሽ» የምትለዋ ለይሉኝታ የገባች ናት። ከሚስማሩ ላይ ኮት አወርድለታለሁ። ኮቱ አንድ ነው፤ ክራባቱም አንድ ነው፤ የክራባቱ ቋጠሮ ከገዛሁት ወዲህ ተፈትቶ አያውቅም። ውጭ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢያልፍም ኮቱን እምቢ ያለ ደንበኛ አልገጠመኝም። ከኋላው የፋሲልን ግንብ፣ የጣናን ዳር፣ ሲያሻው ደግሞ የማን አገር እንደሆነ የማይታወቅ በረዶ የለበሰ ተራራ አስቀምጥለታለሁ። ከደባት እስከ እስቴ ስንት ግድግዳ ላይ የእኔ ኮት ተሰቅሎ እንደሚገኝ እግዜር ይወቀው።

ትልቁን ደንበኛዬን ግን ኮቱ አይበቃውም። ጁፒተር ነው። ወገቡ ላይ ቢለካ ከዳር እስከ ዳር 143,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ምድራችንን ዐሥራ አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ብንደረድራት ነው እሱን የምታህለው። አብዛኛው ሰውነቱ ሃይድሮጅንና ሂሊየም የሚባል ጋዝ ነው። የሚቆምበት መሬት፣ የሚረግጥበት እግር የለውም። ስለዚህ ሙሉ ቁመት ላንሣህ ቢሉት አይሆንለትም፤ የሚስማማው ጉርድ ፎቶ ነው።

ትውውቃችን በአልጋ ላይ ነው። ደገኛ ጣሪያ እያየ ይተኛል። እኛ ግን ሙቀቱ ሲብስ አልጋችንን ወደ ግቢ አውጥተን፣ አጎበር ዘርግተን፣ ሰማይ ላይ አፍጥጠን ነው እንቅልፍ የምንጠብቀው። የመተማ ሰው በውዴታ ባይሆን በግዴታ ኮከብ ቆጣሪ ነው። ወቅቱ ሲሆን ከነዚያ ሁሉ ከሚርገበገቡት መሐል አንዱ ሳይርገበገብ፣ ደመቅ ብሎ፣ ኮራ ብሎ ይቀመጣል። የአውደ ነገሥት ገላጮች መሽተሪ የሚሉት እሱ ነው። አጎበር ውስጥ ሆኜ ለብዙ ጊዜ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ከዚያ በላይ አልሄድንም ነበር።

ያስተዋወቀን የእህቴ ልጅ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የሰው የእህት ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ለአጎቱ ድርቆሽ ወይም ሹራብ ይዞ ይመጣል፤ ሹራብ እንኳ ለመተማ ምን ያደርጋል፤ የእኔው ጁፒተርን በፍላሽ ይዞ መጣ። መንገዱን ሲያወራልኝ ነው የሳቅሁት። ጁፒተር ለምድር በጣም በሚቀርብበት ጊዜ ብርሃኑ በ35 ደቂቃ ገደማ ይደርሰናል፤ በጣም ሲርቅ ከ50 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ሥዕሉም በሬዲዮ ሞገድ ተሳፍሮ የሚመጣው በዚሁ ፍጥነት ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት ሰዓት ሳይሞላው የደረሰው ፋይል ከጎንደር እኛ ጋ እስኪደርስ ግን ጭልጋ ላይ ቁርስ አለ፣ ነጋዴ ባሕር ላይ ጎማ አለ፣ ገንዳ ውኃ ላይ ፍተሻ አለ።

«ፍላሹ ውስጥ ምን አለ?» አለው ፈታሹ።

«ጁፒተር።»

«ፊልም ነው?»

«ፕላኔት ነው።»

ፈታሹ ትንሽ አሰበና «ኮንትሮባንድ ካልሆነ እለፍ» አለው።

ሥዕሉን ያነሣችው ጁኖ የምትባል የናሳ መንኮራኩር ናት። ሐምሌ 29 ቀን 2003 ዓ.ም ከፍሎሪዳ ተነሥታ፣ አምስት ዓመት ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት፣ ሰኔ 27 ቀን 2008 ዓ.ም ጁፒተርን መዞር ጀመረች። ስሟን ያወጡላት ሰዎች ቀልድ ያውቃሉ። በሮማውያን ተረት ጁፒተር የአማልክት አለቃ ነው፤ ጥፋት ሲያጠፋ ደመና ጎትቶ ይሸፈናል፤ ሚስቱ ጁኖ ግን ደመናውን አሳልፋ ታየዋለች። ናሳ እንግዲህ ባልየው የሚሠራውን እንድታጣራ ሚስቲቱን ላከ ማለት ነው። ብቻዋንም አልሄደችም፤ የጁፒተርን፣ የጁኖንና የጋሊሊዮን ምስል የያዙ ሦስት ከአሉሚኒየም የተሠሩ ትንንሽ የሌጎ አሻንጉሊቶች ተሳፍረዋል። የጁኖ አሻንጉሊት በእጇ ማጉያ መነጽር ይዛለች። ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ማስረጃ እየተሰበሰበ ነው።

የጉዞው ዋነኞቹ መሣሪያዎች የጁፒተርን ስበት፣ መግነጢሱንና የከባቢ አየሩን ጥልቀት የሚለኩ ናቸው። ጁኖካም የተባለችው ካሜራ፣ ሳንዲያጎ የሚገኘው ማሊን የተባለው ድርጅት የሠራት፣ በዋናነት ለሕዝብ ተብላ የተጨመረች ናት። የካሜራዋ ኃላፊ ካንዲስ ሃንሰን የምትባል የፕላኔት ሳይንቲስት ስትሆን፣ ሥዕል የሚያሳምር ብዙ ሠራተኛ ከሥሯ አልተመደበላትም። መፍትሔው ጥሬውን ፋይል ለዓለም ሕዝብ ከፍቶ የቻለ እንዲያስተካክለው መተው ሆነ። ከቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ኤዲቲንጉን ለመንገደኛ! እኛ ሰፈር ይህን የሚደፍር ሙሽራ የለም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ፎቶሾፕ የተማርኩት የሰው ብጉር በማጥፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ጨረታ ያለ ሲ.ፒ.ኦ. ይከፈታል ብዬ አላሰብኩም።

ፍላሹን ስከፍተው ክብ ነገር ጠብቄ ነበር። የወጣው ግን ጥቁርና ነጭ፣ ጠባብና እጅግ ረጅም ሪባን ነው፤ ማውዙን ወደ ታች ባሽከረክረው ባሽከረክረው አያልቅም። ምክንያቱ መንኮራኩሯ መሽከርከሯ ነው። ጁኖ በደቂቃ ሁለት ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ ቀጥ ብላ የምትጓዘው በዚህ ነው። ካሜራዋ ስለዚህ ሙሉ ፎቶ አታነሣም፤ እየዞረች ቁራጭ በቁራጭ ትለቅማለች። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁመቱ 128 ፒክሰል ብቻ ነው። ያንኑ ቦታ አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በቀይ ፊልተር ታየዋለች፤ አራተኛ ፊልተርም አላት፣ ሚቴን የተባለው ጋዝ ብርሃን የሚውጥበትን ቀለም የምታይበት። ሁሉም ተቆራርጦ፣ ቀለሙ ተለይቶ፣ አንዱ በአንዱ ሥር ተደርድሮ ይመጣል።

መገጣጠሙ ነው ሥራው። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሲሽከረከር፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ከሚበር ባጃጅ ላይ ሆኖ እሱም እየተሽከረከረ ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ አስቡት። ጁፒተር በራሱ ዛቢያ አንዴ ለመዞር ዐሥር ሰዓት አይሞላውም። ጁኖ ደግሞ በጣም በምትቀርብበት ቅጽበት ከደመናው አናት በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። በአንዱ ቁራጭና በሚቀጥለው መካከል ሁሉም ነገር ቦታውን ቀይሯል። ሦስቱን ቀለሞች ዝም ብሎ ቢደራርቧቸው ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ፍንጣሪ ይወጣል፤ ደመናውም ሁለት ሁለት ይሆናል። በየቅጽበቱ መንኮራኩሯ የት እንደነበረች፣ ወዴት እንደዞረች፣ ሌንሱ መስመሩን ምን ያህል እንዳጎበጠው በሒሳብ አስልቶ እያንዳንዱን ፒክሰል ወደ ቦታው መመለስ ያስፈልጋል።

ይህን የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ አይከፈላቸውም። ጌራልድ አይክሽቴት የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ ሰው አለ፤ የራሱን ፕሮግራም ጽፎ ፋይሎቹን ገና ትኩስ እያሉ ይፈታቸዋል። ሾን ዶራን የሚባለው ደግሞ ከሱ ተቀብሎ ብርሃኑንና ቀለሙን ይሠራል፤ የሁለቱ ስም በአንድ ሥዕል ሥር ሲወጣ ዓመታት አልፈዋል። አይስላንዳዊው ቢዮርን ዮንሶን ከጁኖ በፊትም የድሮዎቹን የቮዬጀር መንኮራኩሮች ሥዕል ከመዝገብ እያወጣ እንደ አዲስ ያጥብ የነበረ ነው። ኬቨን ጊል በናሳው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የሶፍትዌር ባለሙያ ቢሆንም ይህን የሚሠራው በትርፍ ሰዓቱ ነው። ቀን ለናሳ ውሎ ማታ ለጁፒተር ማምሸት፤ ሚስት ምን ትላለች የሚለውን አልጠየቅሁም።

እኔ ሒሳቡን ለባለቤቶቹ ትቼ፣ የካሜራዋ ቡድን አስቀድሞ ገጣጥሞ የሚያስቀምጠውን ሥዕል ነው የምወስደው። እሱም ቢሆን ገና ፊቱን ያልታጠበ ነው። በአንድ በኩል ፀሐይ በዝቶበታል፣ በሌላው ጨልሟል፣ ቀለሙ ፈዝዟል። ይህ እንግዲህ የእኔ ሙያ ነው። ማታ ማታ ሱቁን ገርበብ አድርጌ፣ መብራት ካለ፣ ጁፒተርን ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ገርበብ ያለ በር መተማ ላይ ግቡ ማለት ነው። መጀመሪያ የገባው አንድ የሰሊጥ ደላላ ነበር። ስክሪኑ ላይ የተጠማዘዘውን ቡናማና ነጭ መስመር ትክ ብሎ አየና «ይህ የማን እርሻ ነው?» አለኝ።

«የማንም አይደለም።»

«ትራክተር ገብቶበታል እኮ። ስንት ሄክታር ይሆናል?»

«ወንድሜ፣ መሬት የለውም። ጋዝ ነው።»

«መሬት ከሌለው» አለ ደላላው ወንበር እየሳበ፣ «የድንበር ክርክር የለበትም ማለት ነው። አሪፍ ነው።»

ሌላ ቀን ማታ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው የመጡ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሡ ገቡ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ታላቁ ቀይ ነጥብ የሚባለው የጁፒተር ማዕበል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ወርዱ ከምድራችን ይበልጣል። ሽማግሌው ገና እንዳዩት «ሐቡብ!» አሉ። ካርቱም የኖረ ሰው የአቧራ ማዕበልን ከየትም ቢሆን ያውቀዋል። የጁፒተሩ አቧራ አይደለም እንጂ ነፋስነቱን አልሳቱትም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሳያቋርጥ ሲነፍስ እንደኖረ፣ ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም እዚሁ መተማ ላይ ሲወድቁም በቴሌስኮፕ ይታይ እንደነበር ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ያ ኡስታዝ፣ ሰዎቹስ የት ሸሹ?» አሉኝ።

«ሰው የለበትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ለፎቶው ተቀመጡ። ኮት አላቀረብኩላቸውም።

ሰው ሁሉ የየራሱን ያያል። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም፣ እኛ ሰሊጥ ሂላ ላይ አቁመን በምናደርቅበት ወቅት፣ ጁኖ ባነሣችው ሥዕል ላይ ዶልፊን የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚመስል ደመና ተገኘ፤ ብራየን ስዊፍትና ሾን ዶራን ናቸው ያወጡት። ጳጉሜን 2 ቀን 2015 ዓ.ም ባነሣችው ላይ ደግሞ ቭላድሚር ታራሶቭ የተባለ ሰው ብርሃንና ጥላ በተገናኙበት መስመር ላይ የተኮሳተረ ፊት አገኘ፤ ዓይን አለው፣ አፍንጫ አለው። ናሳም ለሕዝብ አሳየው። እኔ ያን ሥዕል ለሻይ ሴትዮዋ ባሳያት ወዲያው ለይታ የአንድ ተበዳሪዋን ስም ጠራች።

እነዚህን ሥዕሎች ሳይ የሚያስቀኝ አንድ ነገር አለ። ጁኖካም በጣም በምትቀርብበት ጊዜ እንኳ በሥዕሏ ላይ አንዷ ነጥብ የምትሸፍነው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛን ከዚያ ከፍታ ብታነሣን መተማ ዮሐንስ፣ ድልድዩ፣ ጉምሩኩ፣ ኬላውና ማዶ ያለችው ገላባት በአንድ ነጥብ ውስጥ ተጠቅልለው በገቡ። ያቺ ነጥብ አንድ ቀለም ነው የሚኖራት፤ ከወዲህ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ከወዲያ ሌላ ብሎ የሚከፍላት የለም። የኛዋ ሳተላይት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የተተኮሰችው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከዚህ በጣም ትሻል ነበር፤ አንዷ ነጥቧ 14 ሜትር ገደማ ነበረች። እንዲያም ሆኖ የእኔ ፎቶ ቤት ነጥቧን አይሞላም፤ ከጎረቤቴ ወፍጮ ቤት ጋር ተዳብለን ነው የምንገባው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ቆለኛ ሆኜ ይህን ሳላወራ ባልፍ ነውር ነው። ጁፒተር ዙሪያ ያለው ጨረር የኤሌክትሮኒክስ ጠላት ነው። የጁኖ ዋና ዋና ኤሌክትሮኒክስ በወፍራም የቲታኒየም ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ምስኪኗ ካሜራ ግን ከሣጥኑ ውጭ ናት። ስትሠራም በጁፒተር ዙሪያ ቢያንስ ስምንት ዙር ከቆየች ይበቃል ተብላ ነው። እሷ ግን ከአርባ ዙር በላይ ሠራች። በ47ኛው ዙር ላይ መታመም ጀመረች፤ ሥዕሉ በጭረትና በብናኝ ተሞላ። ከምድር በመቶ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ላለች ካሜራ ጠጋኝ አይላክም። መሐንዲሶቹ ያላቸው አንድ ማሞቂያ ነበር። አሞቋት፤ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አደረሷት። ብረትን አግሎ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ጉዳቱን እንደሚያለሰልስ ሁሉ በኤሌክትሮኒክስም አንዳንዴ ይሠራል። ሠራም፤ ለጥቂት ዙሮች ጥርት ያለ ሥዕል ላከች። ከዚያ እንደገና ባሰባት። አዮ የምትባለውን እሳተ ገሞራ የሞላባት የጁፒተር ጨረቃ በ1,500 ኪሎ ሜትር ርቀት ልታልፋት ሳምንታት ብቻ ሲቀሯት ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። መጀመሪያ ለውጥ አልታየም። ቀናት ሲቀሩ ሥዕሉ ነጣ፣ ጠራ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ለገና ስምንት ቀን ሲቀረው፣ አዮን አዲስ በነበረች ጊዜ ታነሣ በነበረው ጥራት አነሣቻት።

25 ዲግሪ! በሚያዝያ እዚህ ሌሊትም ቢሆን ይህን የሚያህል ቅዝቃዜ ማን ይሰጠናል። የእኔ ላፕቶፕ በየቀኑ ከዚያ በላይ እየሞቀ አንድም ቀን አልታደሰም፤ ይጠፋል እንጂ። ናሳ ሌላ ካሜራ ቢታመምበት ወደ መተማ ቢልከው ከመጋቢት እስከ ግንቦት በነፃ እናክመዋለን። ማሞቂያ አንጠይቅም፤ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ማንጣቱ ጉዳይ እንምጣ። ጁፒተር በዓይን ቢታይ የገረጣ ነው፤ ክሬም፣ ነጭ፣ ፈዛዛ ቡናማ፣ ቀዩ ነጥብም የደበዘዘ ጡብ። ነጩ የአሞኒያ በረዶ ደመና ነው፤ ቀዩን የሚያቀላው ምን እንደሆነ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ገና ይከራከራሉ። በየመጽሔቱና በየስልኩ የምናየው ግን ደማቅ ሰማያዊና ወርቃማ እየተጠላለፈ የሚፈስበት ነው። ያ የአርታዒዎቹ እጅ ነው። ንፅፅሩን ከፍ፣ ቀለሙን ጎላ፣ ጠርዙን ሳል ያደርጉታል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «እና ውሸት ነው?» አለኝ። ሰው የሚያነጣ አጎቱን ነው የሚጠይቀው፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ገብቶኛል።

ከመልሱ በፊት አንድ ገጠመኝ ላውጋ። በአንድ የሰሊጥ ወቅት ከበለሳ በኩል አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ለአጨዳ ብሎ ከወጣ በኋላ ወሬው ጠፍቶባቸዋል። በነጠላቸው ጫፍ ፎቶውን ቋጥረው ከሻይ ቤት ሻይ ቤት፣ ከመኪና ተራ እርሻ ካምፕ እያዞሩ ያሳያሉ፤ የሚያውቀው ጠፋ። እኔ ጋ ሲገቡ ፎቶውን ተቀብዬ አየሁት፤ የሌላ ከተማ ፎቶ ቤት ሥራ ነው። ልጁ ነጥቷል፣ ቆዳው ተወልውሏል፣ ከንፈሩ ቀልቷል፣ ከኋላው ባሕር አለ።

«እማማ፣ ልጅዎ እንደዚህ ነው?»

«ኧረ የት! ጥቁር ነው ልጄ። ግራ ጉንጩ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ አለችው። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። እዚህ ላይ ማን እንዳጠፋበት እንጃ።»

ጠባሳዋን የሰማች አንዲት እንጀራ ሻጭ ከበር ላይ «ባለ ጠባሳው! ኮኪት በኩል ካለው እርሻ አይደለም እንዴ» አለች። እዚያው ተገኘ። ፎቶው አምስት ሳንቲም አልረዳም፤ ልጁን ያስገኘው ፎቶ ቤቱ የደመሰሰው ጠባሳ ነው። የተደመሰሰን ፒክሰል ደግሞ እኔ አይደለሁም ማንም አይመልሰውም።

የጁፒተር አርታዒዎች ጥሩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙን ያጎሉታል፤ ግን ሲያጎሉት ጠባሳው ይብስ ይታያል እንጂ አይጠፋም። በገረጣው ሥዕል ላይ አንድ ወጥ የሚመስለው ነጭ ቀበቶ ሲጎላ በውስጡ ጥላ የሚጥሉ ትንንሽ ደመናዎች ብቅ ይላሉ፤ እያንዳንዳቸው በዐሥሮች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የሚሰፉ ናቸው። ከምድር ቆመን በወጉ ልናያቸው የማንችላቸው ዋልታዎች ላይ፣ በሰሜኑ አንድ ማዕበልን ስምንት ሌሎች ከበውት፣ በደቡቡ ደግሞ አንዱን አምስት ከበውት ተቀምጠዋል፤ መስመራቸው ጥርት ብሎ እንዲታይ ንፅፅሩ መነሣት አለበት። ከሥዕሉም ሥር ቀለሙ የጎላ መሆኑን፣ ማን እንደሠራው፣ ከየትኛው ዙር እንደተወሰደ ይጽፋሉ። የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ጥሬውን ሪባን አውርዶ ከዜሮ መጀመር ይችላል። ማጉላትና መደምሰስን ለይቼ ማየት የጀመርኩት በነሱ ነው። ለእህቴ ልጅም የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፤ ማጉላቱ ውሸት አይደለም፣ ጠባሳ ማጥፋቱ ግን ውሸት ነው፤ በተለይ ጥሬው ከጠፋ።

ጥሬ ካልኩ አይቀር፣ እኛም በስማችን የተጠራ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት እንዳለን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዚያው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም፣ ሳተላይታችን ልትተኮስ ቀናት ሲቀሯት፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን አስመልክቶ ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ከሰጠ በኋላ የወጡትን ስሞች ይፋ አደረገ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባል ኮከብ ከነፕላኔቱ ነው። ኮከቡ ቡና ተባለ፤ ፕላኔቱ አቦል። ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ ዕጣው ወደ ዘመድ ነው የወጣው። አቦል ከጁፒተር በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ፎቶ ግን የለውም። ሳይንቲስቶች መኖሩን ያወቁት ቡና ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ አይተው ነው፤ ከባድ ነገር እየዞረ እንደሚጎትተው ከዚያ አሰሉ። እንጦጦ ላይ ካሉት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ጀርባ የሚቆሙ የዛሬ ልጆች አንድ ቀን ጉርዱን ቢያመጡልኝ ኤዲቲንጉ በእኔ ነው፤ ሒሳብ አልቀበልም።

እስከዚያው የጁፒተር ጥሬ ፋይል ተከፍቶ ተቀምጧል። ለማውረድ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ የቀበሌ መታወቂያ አይጠየቅም። ላፕቶፕ ያለው የሰፈራችን ልጅ ኔትወርክ ሲያገኝ ይሞክረው፤ ካልገባው ማታ በሬ ገርበብ ያለ ነው። እናንተ በገንዳ ውኃ፣ በኮኪትና በአብርሃጅራ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ደንበኛውን እንደ ልቡ አንጡት፤ ኮቱንም አልብሱት፤ የፈለገውን ባሕር ከኋላው አስቀምጡለት። ጥሬውን ፋይል ግን አትደምስሱ። ፍላሽ ርካሽ ነው።